«ሪሜምበር» ወይስ «ሪማይንድ»? ሁለቱም «አስታወሰ» ናቸው ሲባል የሚመጣው ጣጣ

ፊደል ቆጣሪ፦
ሰላም ለሁላችሁም። መዝገበ ቃላት ሁለቱንም ግሦች «አስታወሰ» ብሎ ያልፋቸዋል። እንግሊዝኛው ግን አንዱን በሌላው ቦታ አይቀበልም። የሚከተሉት ሦስቱ ስህተት ተብለው የተሰመረባቸው ናቸው።

ሀ. «ፕሊዝ ሪሜምበር ሚ ቱ ኮል ሂም።» ሊባል የተፈለገው፦ እባክህ እንድደውልለት አስታውሰኝ።
ለ. «ዚስ ሶንግ ሪሜምበርስ ሚ ማይ ስኩል።» ሊባል የተፈለገው፦ ይህ ዘፈን ትምህርት ቤቴን ያስታውሰኛል።
ሐ. «አይ ሪማይንድ ዘ ፈርስት ዴይ።» ሊባል የተፈለገው፦ የመጀመሪያውን ቀን አስታውሳለሁ።

እርማቱን ብቻ ሳይሆን ምክንያቱን ጭምር የሚያስረዳ ሰው ቢገኝ ጥሩ ነው። ደግሞም «ሪሜምበር» አንዳንዴ «ቱ» ይከተለዋል፣ አንዳንዴ በ«ኢንግ» የሚጨርስ ግስ ይከተለዋል። እሱስ ለውጥ ያመጣል?

አራሚ ብዕር፦
ችግሩ የሚነሳው ከራሳችን ቋንቋ ነው። «አስታወሰኝ» የሚለውን ቃል ብቻውን እንየው። «ከስንት ዓመት በኋላ ሲያየኝ ወዲያው አስታወሰኝ» ሲባል ማንነቴ ትዝ ያለው እሱ ነው። «ቀጠሮውን ዘንግቼው ነበር፤ ደግነቱ እሱ አስታወሰኝ» ሲባል ደግሞ ትዝ ያለኝ እኔ ነኝ፤ እሱ የቀሰቀሰኝ ብቻ ነው። ቃሉ ያው፣ ቅጥያው ያው፤ ትዝ ያለው ሰው ግን ሌላ። አማርኛ ልዩነቱን ለዐውዱ ይተወዋል። እንግሊዝኛ ለሁለት ግሦች አከፋፍሎታል፦ የፊተኛው «ሪሜምበር»፣ የኋለኛው «ሪማይንድ»።

ስለዚህ የሚጠየቀው አንድ ነገር ነው፦ ትዝ ያለው ማንን ነው? የዓረፍተ ነገሩን ባለቤት ከሆነ «ሪሜምበር»፣ ተሳቢውን ከሆነ «ሪማይንድ»።

በዚህ መለኪያ ሦስቱን እናርማቸው። በ«ሀ» ላይ እንዳይረሳ የሚፈልገው ተናጋሪው ነው፣ እሱ ደግሞ ተሳቢ ሆኖ «ሚ» ላይ ተቀምጧል፤ ስለዚህ «ፕሊዝ ሪማይንድ ሚ ቱ ኮል ሂም»። በ«ለ» ላይ ባለቤቱ ዘፈን ነው። ዘፈን አእምሮ ስለሌለው ምንም ትዝ ሊለው አይችልም፤ «ዚስ ሶንግ ሪማይንድስ ሚ ኦፍ ማይ ስኩል» ይባላል፣ «ኦፍ» የግድ ነው። በ«ሐ» ላይ ቀስቃሽ የሚባል ሰውም ነገርም የለም፤ «አይ ሪሜምበር ዘ ፈርስት ዴይ» በቃ።

ፊደል ቆጣሪ፦
አሁን ገባኝ። እንግዲያው «ትዝ አለኝ» ማለት የሚቻልበት ቦታ ሁሉ «ሪሜምበር» ነው ብዬ ልያዘው?

ሰምና ሰዋስው፦
መፈተሻነቱ ጥሩ ነው፤ ግን አንድ ወጥመድ አለው። «ቤቱ ትዝ አለኝ» በሚለው ውስጥ ባለቤቱ «ቤቱ» ነው፣ ሰውየው «ኝ» ሆኖ ከግሱ መጨረሻ ተለጥፏል። ይህንን ቅርጽ ይዞ ወደ እንግሊዝኛ የሚሻገር ሰው «ዘ ሃውስ ሪሜምበርድ ሚ» ይላል፤ ትርጉሙ «ቤቱ እኔን አስታወሰኝ፣ አልረሳኝም» ይሆናል። ከላይ የዘፈኑ ስህተት የመጣውም በዚሁ በር ነው። «ታወሰኝ»፣ «ትዝ አለኝ»፣ «ጠፋኝ»፣ «ተረሳኝ» ሁሉም ሰውየውን ከኋላ የሚያስከትሉ ግሦች ናቸው። በ«ሪሜምበር» እና በ«ፎርጌት» ግን ሰውየው ወደ ፊት ይመጣል፦ «አይ ሪሜምበርድ ዘ ሃውስ»፣ «አይ ፎርጎት ሂዝ ኔም»።

እኔ የምመርጠው ሌላ መፈተሻ ነው። ግሱን አውጡና በቦታው «እንዳይረሳ ማድረግ» አስገቡ። «አስታውሰኝ» ወደ «እንዳልረሳ አድርገኝ» ተለውጦ ትርጉሙ ካልተፋለሰ «ሪማይንድ» ነው። «እንዴት አስታወስከኝ?» የሚለውን ግን «እንዴት እንዳልረሳ አደረግከኝ?» ብትሉት ነገሩ ይበላሻል፤ ስለዚህ «ሪሜምበር»።

ጎደሎ ሰረዝ፦
ስለ «ሪማይንድ» ቅርጽ ልጨምር፤ ስህተት የሚበዛው ትርጉሙ ላይ ሳይሆን እዚህ ላይ ነውና።

የመጀመሪያው ሕግ፦ ከግሱ ቀጥሎ እንዲያስታውስ የሚደረገው ሰው ወዲያው ይመጣል። «ሂ ሪማይንዲድ ቱ ክሎዝ ዘ ዊንዶው» ስህተት ነው። ማንን? «ሂ ሪማይንዲድ ሚ ቱ ክሎዝ ዘ ዊንዶው»። በአማርኛ «መስኮቱን እንድዘጋ አስታወሰ» ብለን ተደራሹን ልንውጠው እንችላለን፣ «እንድዘጋ» የሚለው ራሱ እኔን ይጠቁማልና። እንግሊዝኛው አያስውጥም። ከግሱ በኋላ «ቱ» ጣልቃ አግብቶ «ሪማይንድ ቱ ሚ» ማለትም አይሆንም፤ ይህ ከ«ኤክስፕሌይን ቱ ሚ» ጋር ከመምታታት የሚመጣ ነው።

ከሰውየው በኋላ የሚመጣው ደግሞ እንደ ጉዳዩ ይለያያል። የሚሠራ ነገር ከሆነ «ቱ» እና ግስ፦ «ሪማይንድ ሄር ቱ ሳይን ዘ ፎርም»፣ ቅጹን እንድትፈርም አስታውሳት። አንድ እውነት ወይም መረጃ ከሆነ «ዛት»፦ «ሂ ሪማይንዲድ አስ ዛት ዘ ኦፊስ ዋዝ ክሎዝድ»፣ ቢሮው ዝግ መሆኑን አስታወሰን። የጥያቄ ቃልም ይከተላል፦ «ሪማይንድ ሚ ሃው ዚስ ወርክስ»፣ ይሄ እንዴት እንደሚሠራ እስቲ አስታውሰኝ፤ ከዚህ ቀደም ነግረኸኛል፣ ጠፍቶብኛል ማለት ነው።

ስም ሲከተል ነው መንታ መንገድ የሚመጣው። «አባውት» ሊረሳ ለሚችል ጉዳይ ነው፦ ቀጠሮ፣ ክፍያ፣ ስብሰባ። «ኦፍ» በዋናነት መመሳሰልን ወይም በሐሳብ መያያዝን ያሳያል። «ሂ ሪማይንድስ ሚ ኦፍ ማይ ብራዘር» ማለት ሳየው ወንድሜ ትዝ ይለኛል፣ ይመሳሰላሉ ማለት ነው። «ሂ ሪማይንዲድ ሚ አባውት ማይ ብራዘር» ግን ስለ ወንድሜ ያለ ጉዳይ አነሳልኝ ነው፤ ልደቱ ይሁን፣ አንድ ቦታ እንድቀበለው ይሁን። መልካቸው ጭራሽ ላይመሳሰል ይችላል። አንዲት መስተዋድድ ይህን ያህል ትለውጣለች።

ደንበኛ የሆነ የጽሑፍ እንግሊዝኛ ላይ «ኦፍ» የ«አባውት»ን ቦታ ሲይዝ ታገኛላችሁ፦ «ሪማይንድ ዘም ኦፍ ዘ ደድላይን»። ስህተት አይደለም። ተገላቢጦሹ ግን አይሠራም፤ ለመመሳሰል «አባውት» አትጠቀሙ።

ቀለም ቀንድ፦
አንድ ተቃውሞ አለኝ። ከላይ «ሪሜምበር ሚ ቱ» ስህተት ነው ብላችኋል። መዝገበ ቃላት ላይ ግን «ሪሜምበር ሚ ቱ ዩር ማዘር» የሚል ተጽፎ ይገኛል። ትክክል ካልሆነ ለምን ገባ?

አራሚ ብዕር፦
ጥሩ ነጥብ ነው፤ ግን «ቱ» የተባሉት ሁለት ናቸው። በዚህኛው ከ«ቱ» በኋላ ሰው ነው ያለው፣ ግስ አይደለም። ትርጉሙም «እናትህን ሰላም በልልኝ» ነው። የሰላምታ መላኪያ ቋሚ አገላለጽ ሲሆን ዛሬ የቆየ ለዛ አለው፤ በደብዳቤ ወይም በዕድሜ ከገፉ ሰዎች አንደበት ይሻለዋል። በተለመደው ንግግር «ሴይ ሃይ ቱ ዩር ማዘር» ይባላል። ከ«ቱ» በኋላ ግስ ከመጣ ግን፣ «ሪሜምበር ሚ ቱ ኮል» እንደሚለው፣ ያለ ጥርጥር ስህተት ነው።

ይህ አገላለጽ የቀረው ከጥንቱ አጠቃቀም ነው። በሼክስፒር ዘመን እንግሊዝኛ «ሪሜምበር» ሌላውን ሰው ማስታወስንም ያመለክት ነበር፤ ልክ እንደኛ «አስታወሰ»። «ሪሜምበር» ከላቲን ተነስቶ በጥንታዊ ፈረንሳይኛ በኩል የገባ ነው። «ሪማይንድ» ደግሞ በ17ኛው ክፍለ ዘመን «ማይንድ» ላይ «ሪ» ተቀጥሎ የተሠራ ሲሆን፣ አዲሱ ቃል ሥራውን ሲረከብ አሮጌው ያንን ትርጉም ለቀቀ። እንግሊዞችም በአንድ ቃል ይገለገሉ ነበር ማለት ነው፤ የኛን ተማሪ ብቻ አንኮንነው።

ሰምና ሰዋስው፦
«ሪሜምበር» ሰውን ተሳቢ አድርጎ የሚመጣባቸው ሌሎች ቦታዎችም አሉ። «ሺ ሪሜምበርድ ሂም ኢን ሄር ዊል» ቢባል በኑዛዜዋ ላይ ድርሻ ተወችለት ማለት ነው። «ሪሜምበር አስ ኢን ዩር ፕሬየርስ» በጸሎታችሁ አስቡን ነው። እነዚህን ከ«አስታወሰ» ይልቅ «አሰበ» ይገልጻቸዋል።

ጎደሎ ሰረዝ፦
ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ልሂድ፤ «ሪሜምበር ቱ» እና «ሪሜምበር» ከ«ኢንግ» ጋር። ይሄኛው የጊዜ ቅደም ተከተል ጉዳይ ነው።

«አይ ሪሜምበርድ ቱ ሎክ ዘ ዶር»፦ መጀመሪያ ትዝ አለኝ፣ ከዚያ ቆለፍኩ። በአማርኛ «በሩን ሳልረሳ ቆለፍኩ» የሚለው ይገልጸዋል።
«አይ ሪሜምበር ሎኪንግ ዘ ዶር»፦ መጀመሪያ ቆለፍኩ፣ አሁን ድርጊቱ ትዝ ይለኛል። በአማርኛ «በሩን መቆለፌን አስታውሳለሁ»።

አማርኛው ራሱ ምልክት ይሰጣል። ንዑስ አንቀጹ (እንደ «መቆለፍ» በ«መ» የሚጀምረው የግስ ቅርጽ) ባለቤት አመልካች ቅጥያ ይዞ «መቆለፌን፣ መንገሬን፣ መክፈሌን» ካለ አብዛኛውን ጊዜ ያለፈ ድርጊት ነው፣ «ኢንግ» ይወስዳል። «መቆለፍ እንዳለብኝ» ወይም «ሳልረሳ» ካለ «ቱ» ነው።

ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው በአሉታ ላይ ነው። «አይ ዲድንት ሪሜምበር ቱ ሎክ ዘ ዶር» ያለ ሰው በሩን አልቆለፈም፤ በሩ ክፍት ነው። «አይ ዶንት ሪሜምበር ሎኪንግ ዘ ዶር» ያለው ግን ቆልፎት ሊሆን ይችላል፤ የጠፋበት ትዝታው ነው። የኢንሹራንስ ቅጽ ወይም የምስክርነት ቃል ላይ አንዱን በሌላው ቦታ መጻፍ ጥፋተኝነትን እስከ ማመን ያደርሳል። «ፎርጌት» ላይም ይኸው ሕግ ነው የሚሠራው፦ «ፎርጌት ቱ» ድርጊቱ አልተፈጸመም፣ «ፎርጌት» ከ«ኢንግ» ጋር ተፈጽሟል ግን ተዘንግቷል።

አሁን ይህንን ከ«ሪማይንድ» ጋር አነጻጽሩት። «አይ ሪሜምበርድ ቱ ፔይ» ያለ ሰው ከፍሏል። «ሂ ሪማይንዲድ ሚ ቱ ፔይ» ያለ ሰው ግን መክፈሉ አልተነገረም፤ ተነግሮት እንደገና ረስቶት ሊሆን ይችላል። «ሪማይንድ» እስከ መንገር ድረስ ነው ኃላፊነቱ። ሌላው፣ «ሪማይንድ» ለሚሠራ ነገር «ኢንግ» አይከተለውም፤ «ሪማይንድ ሚ ፔዪንግ» የሚባል የለም።

ፊደል ቆጣሪ፦
«አይ ሪሜምበር ሂም ሴይንግ ዛት» የሚል አይቼ ነበር። እዚህ ላይ ከግሱ ቀጥሎ ሰው አለ። «ሪማይንድ» መሆን አልነበረበትም?

ጎደሎ ሰረዝ፦
አይደለም። «እሱ እንዲያ ማለቱን አስታውሳለሁ» ነው ትርጉሙ። ትዝ የሚለው እኔን ነው፣ ባለቤቱን። «ሂም» የተናገረው ሰው እንጂ እንዲያስታውስ የሚደረገው ሰው አይደለም። ፈተና ላይ ባዶ ቦታ ስትሞሉ ከባዶው ቀጥሎ ሰው አይታችሁ ብቻ አትቸኩሉ፤ ከሰውየው በኋላ ያለውንም ተመልከቱ። ሰው ከዚያ «ቱ» እና ግስ፣ ወይም ሰው ከዚያ «ዛት» ካለ «ሪማይንድ» ነው። ሰው ከዚያ የ«ኢንግ» ግስ ካለ «ሪሜምበር»።

ንዑስ አንቀጽ፦
ራስን በራስ ማስታወስስ? ቀስቃሹም ተቀስቃሹም አንድ ሰው ሲሆን?

ሰምና ሰዋስው፦
«ሪማይንድ ማይሰልፍ» ይባላል፤ ለራስ መንገር ነው። «አይ ሪማይንዲድ ማይሰልፍ ዛት ኢት ዋዝ ኦንሊ ኤ ጌም»፣ ጨዋታ ብቻ ነው አልኩ ለራሴ። ሰውየው ነገሩን አልረሳውም፤ ልቡን ለማረጋጋት ደግሞ ያነሳዋል። «ሪሜምበር ማይሰልፍ» ግን ሌላ ነው፦ ልጅ ሳለሁ የነበርኩትን እኔን ማስታወስ።

ቀለም ቀንድ፦
ስለ ቃናው ማንም አላነሳም። «ሜይ አይ ሪማይንድ ዩ ዛት» የሚለውን «ላስታውስዎት እችላለሁ?» ብሎ በትሕትና የተረዳው ሰው ይሳሳታል። ቃሎቹ ጨዋ ናቸው፤ ውስጡ ግን ተግሣጽ አለበት። «ላሳስብዎ እወዳለሁ» ከሚለው የኛ የደብዳቤ አነጋገር ጋር ነው የሚጎራበተው። ማስታወቂያ ላይም «ፓሴንጀርስ አር ሪማይንዲድ ዛት» ሲባል «መንገደኞች... መሆኑን እናሳስባለን» ብሎ መመለስ ይሻላል፤ «መንገደኞች ይታወሳሉ» ብሎ የተረጎመው ካለ መንገደኞቹን የሙት መታሰቢያ አደረጋቸው።

ለሥራ ባልደረባ ለስለስ ያለ ነገር ከተፈለገ «ጀስት ኤ ሪማይንደር ዛት» ብሎ መጀመር ይበቃል። «ጀንትል ሪማይንደር» የሚለውን ብዙዎች ይወዱታል፤ ለእኔ ግን ሲደጋገም ቁጣን በጥጥ እንደ መጠቅለል ነው።

አራሚ ብዕር፦
እስማማለሁ። በሂደት ላይ ያለ ድርጊት ማሳያ ቅርጽንም በዚሁ እንጨርስ። «ሪሜምበር» የአእምሮ ሁኔታን የሚገልጽ ግስ ስለሆነ «አይ አም ሪሜምበሪንግ» በተለመደው አነጋገር አይመችም። «አሁን አላስታውስም» ለማለት «አይ ካንት ሪሜምበር» ወይም «አይ ዶንት ሪሜምበር» ነው። «ሪማይንድ» ግን ንግግር ስለሆነ «አይም ጀስት ሪማይንዲንግ ዩ» ይቻላል፤ ላስታውስህ ብዬ ነው እንጂ እንደማለት። መመሳሰልን ሲገልጽ ግን ይህንን ቅርጽ በአብዛኛው አይቀበልም፦ «ሺ ሪማይንድስ ሚ ኦፍ ማይ አንት»።

አነባበቡ ላይ፦ ኃላፊው «ሪማይንድድ» ሳይሆን «ሪማይንዲድ» ነው፣ ሦስት ክፍለ ቃል። ግስ በ«ዲ» ወይም በ«ቲ» ድምፅ ሲያልቅ የኃላፊው ምልክት «ኢድ» ተብሎ ይነበባል። «ሪሜምበርድ» ላይ ግን «ድ» ብቻ።

ንዑስ አንቀጽ፦
ለፈተና ቃላት የሚያጠና ሰው «አይ አም ሪሜምበሪንግ ኒው ወርድስ» ቢል ታዲያ በቅርጹ ብቻ ነው የተሳሳተው?

አራሚ ብዕር፦
በግሱም። በቃል መያዝ «ሜሞራይዝ» ነው። «ሪሜምበር» ከተያዘ በኋላ የሚመጣው ነው፦ ትናንት «ሜሞራይዝ» ያደረግከውን ዛሬ «ሪሜምበር» ታደርጋለህ፣ ወይም አታደርግም። «ሪኮል» ደግሞ ፈልጎ፣ አስቦ ማውጣት ነው፤ ከ«ሪሜምበር» ይልቅ ለጽሑፍ ያደላል።

ስሞቹም ይምታታሉ። «ሜሞሪ» ትዝታ ወይም የማስታወስ ችሎታ፣ «ሪማይንደር» ማስታወሻ ወይም ማሳሰቢያ፣ «ሪሜምብራንስ» መታሰቢያ። በመጨረሻው አጻጻፍ ላይ «ሪሜምበር» ውስጥ ከ«ቢ» ቀጥሎ ያለችው «ኢ» ትወድቃለች፤ ፊደሏን ሳይተው የሚጽፍ ይሳሳታል።

ሰምና ሰዋስው፦
ለልምምድ ያህል አምስት ወደ እንግሊዝኛ የሚመለሱ፦

1. መድኃኒቷን እንድትወስድ አስታወስኳት።
2. ድምፁ አባቱን ያስታውሰኛል።
3. ደብዳቤውን መላኬን አስታውሳለሁ።
4. ስልክህን መያዝ እንዳትረሳ።
5. እሱን ማስታወሴን አላስታውስም።

ፊደል ቆጣሪ፦
ልሞክር። 1. «አይ ሪማይንዲድ ሄር ቱ ቴክ ሄር ሜዲሲን»። 2. «ሂዝ ቮይስ ሪማይንድስ ሚ አባውት ሂዝ ፋዘር»። 3. «አይ ሪሜምበር ሴንዲንግ ዘ ሌተር»። 4. «ሪሜምበር ቱ ብሪንግ ዩር ፎን»። 5ኛው አሻሚ መሰለኝ።

ሰምና ሰዋስው፦
1 እና 3 ልክ ናቸው። 2 ላይ መመሳሰል ስለሆነ «ኦፍ»። 4 ላይ ቅርጹ ልክ ነው፤ «ዶንት ፎርጌት ቱ» ብትልም ያው ነው። «ብሪንግ» ግን ስልኩ ወደ ተናጋሪው የሚመጣ ከሆነ ነው፤ ሰውየው ይዞት ወደ ሌላ ቦታ የሚሄድ ከሆነ «ቴክ»። እሱ ራሱን የቻለ የውይይት ክር ይፈልጋል።

5ኛው አሻሚ መሆኑ እውነት ነው፣ ሆን ተብሎ የገባ ነው። «ቀጠሮ እንዳለው ነግሬው ይሆን? ትዝ አይለኝም» ከሆነ «አይ ዶንት ሪሜምበር ሪማይንዲንግ ሂም»። «ያን ጊዜ እሱን አስቤው ነበር? ትዝ አይለኝም» ከሆነ «አይ ዶንት ሪሜምበር ቲንኪንግ ኦፍ ሂም» ይሻላል፤ «ሪሜምበር ሪሜምበሪንግ» ሰዋስዉ ባይከለክለውም ጆሮ ይቆረቁራል። «ላስታውሰው ይገባ ነበር፣ እኔው ራሴ ረሳሁ» ከሆነ ደግሞ አማርኛውም ወደ «ሳላስታውሰው ቀረሁ» መቀየር አለበት፤ እንግሊዝኛው «አይ ዲድንት ሪሜምበር ቱ ሪማይንድ ሂም» ይሆናል፣ ሁለቱም ግሦች በየራሳቸው ቦታ።